የወረቀት እውነት

«ወረቀት» የሚለው ቃል በአማርኛችን አዲስ ትርጉም ካገኘ ሰንበትበት ብሏል። «ልጁ ወረቀት አገኘ» ሲባል ደብዳቤ ደረሰው ማለት እንዳልሆነ ዛሬ ገጠር ያለችውም እናት ታውቃለች። እልል ይባላል፤ ስለት ያለበት ስለቱን ያስገባል፤ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል ይመጣል። ጣሊያን አገር ያሉት «ሶጆርኖ» ይሉታል። ጀርመን ያሉት ደግሞ ፈቃድ ለተነፈገውና መመለስም ላልቻለ ሰው ስለሚሰጠው ወረቀት ሲያወሩ «ዱልዱንግ» ይላሉ። ትርጉሙ «ችለንሃል» እንደማለት ነው። ፈቅደንልሃል አይደለም፤ ችለንሃል።

ይህ ወረቀት በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ፣ ግን ጮክ ተብሎ የማይመለስ ጥያቄ አለ። ወረቀቱን ለማግኘት ሲባል የሚነገረው ውሸት ነውር ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄውን በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም ሰው ፊት አቅርቤ አውቃለሁ። የማገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ኧረ ተወው ጋሼ፣ ማንን ጎዳ?»

«ማንን ጎዳ?» የሚለው ሰው መልስ አይጠብቅም፤ ወሬውን ለመዝጋት ነው የሚለው። እኔ ግን ዛሬ እንደ እውነተኛ ጥያቄ ወስጄ ልመልሰው እፈልጋለሁ።

ወደ ፍርዱ ከመሄዳችን በፊት በሮቹን እንያቸው። በሩን ሳያዩ «ለምን በመስኮት ገባ?» ማለት ደግ አይደለም። አንድ የውጭ አገር ሰው አውሮፓ ውስጥ በሕግ ለመኖር የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው። የሥራ በር አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት «ሰማያዊ ካርድ» የሚለው አንዱ ነው። ዲግሪ ወይም የረጅም ጊዜ የሙያ ልምድ፣ የሥራ ውልና ከተወሰነ ወለል ያላነሰ ደመወዝ ይጠይቃል። የትምህርት በር አለ፤ ጀርመን ተማሪው የአንድ ዓመት መተዳደሪያውን በታገደ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ትጠይቃለች፤ መጠኑ እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ 11,904 ዩሮ ደርሷል። የቤተሰብ በር አለ፤ ጋብቻው ይመረመራል፣ ጀርመን ያለ ባሏን ልትከተል የምትሄድ ሚስትም በአብዛኛው መሠረታዊ ጀርመንኛ አጥንታ መፈተን አለባት። አምስት ዓመት በሕግ የኖረ ሰው የረጅም ጊዜ ነዋሪነት የሚጠይቅበትን መመሪያም ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2003 አውጥቷል። ችግሩ፣ አምስቱን ዓመት ለመቁጠር መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል።

የገንዘብ በርም አለ። ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመረችው አሠራር 250 ሺህ ዩሮ የሚያወጣ ቤት ለገዛ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጥ ነበር፤ ኋላ ተፈላጊ በሆኑት አካባቢዎች ዋጋውን ወደ 800 ሺህ አሳደገችው። ስፔንም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ በር ከፍታ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ዘጋችው። ማልታ ከዚህም አልፋ ዜግነቱን ራሱን በገንዘብ ትሰጥ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ሕግ የጣሰ አሠራር ነው ብሎ እስኪፈርድባት ድረስ። በዚህ በር የገባውን ሰው የገንዘቡን ምንጭ ይጠይቁታል። «አገርህ ምን አደረገችህ? ስትታሰር ስንት ሰዓት ነበር? አባትህ በሕይወት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ባለጸጋ ታሪክ አይጠየቅም።

ዲግሪም፣ ዩሮም፣ ዘመድም የሌለው ሰው የሚቀረው አንድ በር ነው፤ የጥገኝነት በር። የዚህ በር ቁልፍ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. የ1951 የጄኔቫ ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ያደረበትን ሰው ነው። ዝርዝሩን ደጋግማችሁ ብታነቡት ድህነት የለበትም። ድርቅ የለበትም። ለአምስት ወንድማማች የተረፈች ሁለት ጥማድ መሬት የለችበትም።

እኔ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ስለሆነ የዚህ በር አከፋፈት ሌላ ነገር ያስታውሰኛል። አሪስጣጣሊስ ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ፣ ደራሲ ሊሆን ከሚችል ግን ከማይመስል ነገር ይልቅ ሊሆን የማይችል ግን የሚመስል ነገር ቢመርጥ ይሻለዋል የሚል ሐሳብ አለው። ምክሩ ለድርሰት መልካም ነው። ጭንቁ የሚመጣው ድርሰት ያልሆነ ነገር በዚያ ሚዛን ሲለካ ነው። የኅብረቱ የ2011 መመሪያ፣ አመልካቹ ሰነድ ባይኖረው ንግግሩ እርስ በርሱ የተያያዘና አሳማኝ ከሆነ፣ የሚችለውን ማስረጃ ሁሉ ካቀረበና በጠቅላላው የሚታመን ሰው ከሆነ ቃሉ ሊበቃ እንደሚችል ይናገራል። በጎ ሕግ ነው፤ ሰነድ ይዞ የሚሸሽ ሰው የታለ? ግን የተያያዘና አሳማኝ ታሪክ የሚተርከው ማን ነው? ያጠናው ነው። በእርግጥ የተገረፈ ሰው ታሪኩ ይቆራረጣል፤ ቀኑ ይምታታበታል፤ ዋናውን ትቶ ያኔ የለበሰውን ሹራብ ያስታውሳል።

የእኛ ሰው ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ይጨመራል። «ጥር 2001 ታሰርኩ» ይላል። አስተርጓሚው ካልነቃ ጃንዋሪ 2001 ተብሎ ይጻፋል። ሰውዬው የታሰረው ግን በፈረንጅ 2009 ነው። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሌላ አስተርጓሚ በትክክል ይለውጥለታል። እንግዲህ ሁለት ወረቀት ላይ የስምንት ዓመት ልዩነት ተገኘ ማለት ነው። ሰውዬው አልዋሸም፤ መዝገቡ ግን ዋሽቷል ይላል።

በዚህ መሐል ነው «ኬዝ» የሚባለው ነገር የተወለደው። ኬዝ ይጻፋል፣ ይጠናል፣ አንዳንዴም ይሸጣል። ገዢው የሌላ ሰው መከራ እንደ ተውሶ ካፖርት ይደርባል፤ እጅጌው ባይመጥነውም።

ነገሩን ከመጽሐፍ ወደ ሰው ላምጣው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ካለችው ከዘመሮ ለሕክምና አዲስ አበባ የመጡ አንድ አዛውንት የማውቃቸው ሰዎች ቤት አርፈው አገኘኋቸው። ዘመሮ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት ደጋ ነው። ልጃቸው አሥረኛ ክፍል ጨርሶ፣ ወንድሞቹ በተከፋፈሏት መሬት ላይ ሌላ ድርሻ እንደማይወጣ አይቶ፣ በመተማ በኩል ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ ገባ። ሊቢያ ላይ አጋቾች ያዙት። በስልክ እያስጮኹት ገንዘብ ጠየቁ። ሁለት በሬና ደህና ደህናው በግ ተሸጠ፤ ከዘመድም ተበደሩ። ልጁ ባሕሩን ተሻግሮ ጀርመን ደረሰ።

ጀርመን ላይ የተናገረው ግን ይህን አይደለም። «አባቴ በፖለቲካ ተገደለ፤ እኔም በእሱ ምክንያት ታስሬ አመለጥኩ» አለ። ለምን ቢባል፣ ከእሱ በፊት የደረሱት «የሊቢያውን አይጠይቁህም፤ የሚጠይቁህ አገርህን ነው» ብለው መክረውታል። መካሪዎቹ የሕጉን ነገር አልሳቱም። የጥገኝነቱ ዋና ጥያቄ «አገርህ ብትመለስ ምን ይደርስብሃል?» የሚል ነው፤ መንገድ ላይ የደረሰው በራሱ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ያ ልጅ በሕይወቱ የደረሰበትን እውነተኛውን መከራ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ያልደረሰበትን ተረከ። እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ሳይሆን ኀዘን ነው።

ቀጥሎ ማስረጃ ተጠየቀ። ልጁ ደወለ፤ «አባባ፣ ከቀበሌ የሞትዎን ማስረጃ አስወጡልኝ።» ዘመዶቹ ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ የጽሑፍ ሰው ነዎት፤ የአሟሟታቸውን ሁኔታ ልብ በሚነካ ቋንቋ ቢጽፉልን» አሉኝ። አሟሟታቸው የሚጻፈው ሰውዬ ከጎኔ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። አልጽፍም አልኩ። ዘመዶቹ ቅር አላቸው። አዛውንቱ ግን ቅር አላላቸውም፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እንዲህ አሉ፤

«መምህር፣ እኔ ለልጄ ሞቻለሁ መባሉ አይከብደኝም። ግን ቀበሌው ሦስት ምስክር ይጠይቃል። ቀብሬ ላይ ቆመናል ብለው የሚምሉት ጎረቤቶቼ በእሑዱ ደጀ ሰላም ስንገናኝ በምን ዓይን ያዩኛል? ደሞ ሌላም አለ። ዛሬ ሞቷል ካለኝ፣ የሞትኩ ዕለት ምን ሊል ነው?»

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ያስተማርኩት ፍልስፍናም ሆነ ሥነ ጽሑፍ አይመልስልኝም። ወረቀቱ ሳይወጣ አዛውንቱ አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ልጁ በዱልዱንግ እንደቆየ ነው።

«ማንን ጎዳ?» ባዮች እዚህ ላይ ጥሩ ክርክር አላቸው። «ሕይወት ለማትረፍ የሚነገር ውሸት ውሸት አይባልም» ይላሉ። የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አንድ አጭር ድርሰት፣ ነፍሰ ገዳይ በርህን አንኳኩቶ «ወዳጅህ ቤትህ ተደብቋል?» ብሎ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ብሎ ተከራክሯል። እኔ በዚህ ከካንት ጋር የለሁም። ወዳጁን ለገዳይ አሳልፎ በሰጠ እውነት የሚኮራ ሰው ጎረቤቴ እንዲሆን አልፈልግም። የእኛው ዘርዓ ያዕቆብም አለ፤ የሐተታው ደራሲ ማን ነው የሚለው ክርክር እንደተጠበቀ ሆኖ። ሐተታው እንደሚለው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ ሁለት ዓመት ያህል ዋሻ ውስጥ የኖረ ስደተኛ ነበር። ከዋሻው ወጥቶ እንፍራንዝ ከተቀመጠ በኋላም ልቡ የሚያምነውን ሁሉ ለሰው እንዳልገለጠ፣ ከሰው ጋር እንደ ሰው ሆኖ እንደኖረ ይተርካል። በዚህ የሚፈርድበት ካለ እሱ ተሳዶ አያውቅም።

ነገር ግን በሩ ላይ ገዳይ የቆመበት ሰው ሲዋሽ የሚጎዳው ገዳዩን ብቻ ነው። ዝም ያለው ዘርዓ ያዕቆብም የማንንም ድርሻ አልወሰደም። የወረቀቱ ውሸት ከእነዚህ ይለያል የምለው በዚህ ነው፤ ወጪውን የሚከፍል ሦስተኛ ሰው አለው። ያንን ሰው ለማየት መንዝ ራሷ ትረዳናለች።

ከየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት መንዝ ውስጥ መሬት የሚገኘው በርስት ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል ዘሩን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት መድረስ ነበረበት። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። ስታስቡት እሱም የመኖሪያ ፈቃድ ነበር፤ «እዚህ መኖርና ማረስ ይገባኛል» ለማለት ታሪክ ትተርካለህ፣ ትመረመራለህ፣ ምስክር ትጠራለህ። ውሸት አልነበረበትም ወይ? ዘር ሲቆጠር የተዘለለ ቅድመ አያት፣ የተጨመረ አያት የለም ብሎ የሚምል መንዜ እስካሁን አላጋጠመኝም። ግን አንድ ልጓም ነበረው። ያልተገባህን መሬት ስትወስድ የምትወስደው ከአጎትህ ልጅ ነው። ሸንጎው ላይ ፊት ለፊትህ ተቀምጧል። በማግስቱ ማኅበር ላይ ታገኘዋለህ፤ ልጁና ልጅህ አብረው በግ ይጠብቃሉ። «ማንን ጎዳሁ?» ብለህ ልትጠይቅ አትችልም፤ የጎዳኸው ሰው ያይሃል።

አውሮፓ ውስጥ ያ የአጎት ልጅ አይታይም። አለመታየቱ ግን አለመኖሩ አይደለም። ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ ጦርነቱ ለሰሜን ሸዋም ተርፏል። ከዚያው ደጋ አንድ ልጅ በእውነት አባቱ ተገድሎበት፣ በእውነት ታስሮ፣ ሸሽቶ ይሄዳል። ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ «አባቴ በፖለቲካ ተገደለ፤ እኔም ታሰርኩ» ሲል፣ ያችኑ ታሪክ በዚያው ቃል ከብዙ አፍ የሰማ ጆሮ ይጠብቀዋል። አባቱን ሁለተኛ ጊዜ የገደለበት ማን ነው? ኤርትራዊ ነኝ ብሎ የሚመዘገብ ኢትዮጵያዊ መኖሩም የአደባባይ ምስጢር ነው፤ ፍዳውን የሚያየው ከወታደር ቤት ያመለጠው እውነተኛው ኤርትራዊ ነው። አነጋገርህ ይመርመር፣ ስለ መንደርህ መንገድ ንገረን፣ አላመንንህም ይባላል። የአንድ አገር ሰዎች መታመን እንደ ዕድር ገንዘብ ነው። በጋራ ይጠራቀማል፤ አንዱ ያለ ደንቡ ካወጣው ለሐዘንተኛው አይተርፍም።

ሁለተኛው ተጎጂ ቤት የቀረው ነው። አዛውንቱ የተናገሩትን መድገም አያስፈልገኝም። እዚህ ያለ ሰው እንዲምል፣ ማኅተም እንዲመታ፣ ያልቀበረውን ቀብሬያለሁ እንዲል ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያ ቀበሌ የሚሰጠው እውነተኛ ማስረጃም ዋጋ ያጣል።

ሦስተኛው ተናጋሪው ራሱ ነው። ኬዝ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ የሚኖሩበት ቤት ነው። የሞተ አባት ለጉብኝት አይመጣም። «ያላገባ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ዓመታት ቆይቶ ሚስትና ልጆቹን ላምጣ ሲል የመጀመሪያው ቃሉ ከመዝገብ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ያው የ2011 መመሪያ፣ ዋናው ፍሬ ነገር ተዛብቶ ወይም ተደብቆ የተገኘ የስደተኛነት መብት እንዲሻር ያዛል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ እስከ 2025 መጨረሻ ባቆየችው ሕግ፣ በዱልዱንግና በመሰሉ ሁኔታ አምስት ዓመት የኖሩ ሰዎች የ18 ወር ፈቃድ እንዲያገኙና በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራና ቋንቋቸውን አሳይተው፣ ማንነታቸውን አረጋግጠው እንዲቀጥሉ በር ከፍታ ነበር። በስሙ ወይም በአገሩ ደጋግሞ እያወቀ ዋሽቶ በዚያ ምክንያት ሳይባረር የቆየ ሰው ግን በዚያ በር አያልፍም ነበር። ለመግቢያ የጠቀመው ውሸት ለመቆያው እንቅፋት ሆነበት።

ይህን ሁሉ ብዬ ጥፋቱን በልጁ ጀርባ ላይ ብቻ ብጭን ግን እኔም ሐሰተኛ ምስክር እሆናለሁ። ቤት ለገዛው ታሪክ የማይጠይቅ ሕግ፣ ለደኻው ከታሪክ በቀር ሌላ ቁልፍ ካልሰጠው ታሪክ መፍጠርን ራሱ እያስተማረው ነው። ደጁ በጠበበ ቁጥር መስኮቱ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የኅብረቱ ምክር ቤት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቹን በመመለስ ረገድ በበቂ አልተባበረም ብሎ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መጠበቂያውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመ። ቅጣቱ ያረፈው በሕጉ በር ቆሞ ተራ በሚጠብቀው ሰው ላይ ነው። የሥራ በሩ ለገበሬም ልጅ ቢከፈት፣ ሊቢያ ላይ የደረሰበት ግፍ ከልብ የሚሰማለት ቢሮ ቢኖር፣ የዘመሮው ልጅ አባቱን ባልገደለ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህ ግን የሕጉን ዕዳ ይጨምራል እንጂ የልጁን አይሰርዝም። የተራበ ሰው ጎተራ ቢከፍት አዝንለታለሁ፤ የከፈተው የሌላ ረኀብተኛ ጎተራ ከሆነ ግን ዝም ልል አልችልም።

«ታዲያ እውነቱን ተናግሮ ይመለስ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ሁልጊዜ ታተርፋለች ብዬ አልሰብክም፤ እውነት ተናግረው የተመለሱ ብዙ ናቸው። ግን ይህች አገር ራሷ ጥገኝነት ጠያቂ የተቀበለችበትን ታሪክ እናውቃለን። በእስልምና ትውፊት እንደሚነገረው፣ በሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከመካ ሸሽተው ወደ ነጃሺ የመጡትን የነቢዩ ተከታዮች ቁረይሾች መልእክተኛና ስጦታ ልከው «መልስልን» አሉ። ንጉሡ ሳልሰማቸው አልመልስም አለ፤ ጃዕፈር ተነሥቶ የመጡበትን ምክንያት ተናገረ፤ ተፈቀደላቸው። በማግስቱ መልእክተኞቹ ሌላ ነገር አመጡ፤ «ስለ ኢየሱስ የሚሉትን ጠይቃቸው።» ፈታኝ ጥያቄ ነው። ንጉሡ ክርስቲያን ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው በመልሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ስደተኞቹ ተማከሩ። ንጉሡ ደስ የሚለውን መልስ አልፈለጉም፤ የመጣው ይምጣ፣ የምናምነውን እንናገራለን አሉ፤ ተናገሩም። ንጉሡም በሰላም ኑሩ አላቸው።

ይህን ታሪክ የምወደው እውነት ተናጋሪዎቹ ስላሸነፉ ብቻ አይደለም። እውነት ሁለት ሰው እንደሚጠይቅ ስለሚያሳይ ነው፤ የሚናገር አንድ፣ የሚሰማ አንድ። የሰሚው ነገር በእጃችን አይደለም፤ በርሊንና ብራስልስ ይጠየቁበት። የተናጋሪው ነገር ግን የእኛ ነው። እዚህ ያለነው፣ ጽፈን የምንሰጠው፣ ማኅተም የምንመታው፣ ምለን የምንመሰክረው ሰዎች ልፋታችንን ወደ እውነተኛው ታሪክ ብናዞረው ብዙ ይሠራል። የልጁን ቀኖች ከእኛ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል እንለውጥለት። በእውነት የታሰረ ከሆነ የታሰረበትን ወረቀት ፈልገን እንላክለት። ያልጠየቁትን የሊቢያውንም ቢሆን ለሐኪምም ለጠበቃም ከመናገር እንዳያፍር እንንገረው፤ ጠባሳው የራሱ ነውና።

ከእንግዲህ ደግሞ «ማንን ጎዳ?» የሚለኝ ሰው ካለ መልሴ አጭር ነው፤ ከኋላው የሚመጣውን።